ስለ ጤፍና ሽምብራ ቂጣ፤ ስንዴና ገብስ ለማይስማማው ሰው በቤት ስለሚጋገር ገንቢ ምግብ የተሰጠ ትምህርት

በየወረዳውና በየቀበሌው በአስተዳደር ሥራ ላይ ያላችሁ ሹማምንት፥ እንዲሁም መሬት ይዛችሁ የምታርሱና የምታሳርሱ ባለ ይዞታዎች፤ ይህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ሲታይ የወጥ ቤት ጉዳይ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። የእርሻ ሹም ስለ ቂጣ አገባብ ምን አገባው የሚልም አይጠፋም። ነገር ግን ሽምብራ በየትኛው ማሳ እንደሚዘራ፥ ከብት በስንት ቀን ወደ ገለባው እንደሚለቀቅ፥ ወፍጮ ቤት እህልን በምን ተራ እንደሚፈጭ የሚወሰነው ከእናንተ ዘንድ ስለ ሆነ፥ የዚህ ቂጣ ነገር ከምጣዱ በፊት ወደ እናንተ ይደርሳል። ስለዚህ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት እንድታነቡት እንለምናለን። ዓመተ ምሕረት የተጻፈው ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

የመካነ ሰላም ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ስትሆን፥ የቦረና አገር በምዕራብ በኩል ወደ ዐባይ ቆላ ይወርዳል፤ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ወደ ለጋምቦ ደጋ ይወጣል። ወግዲንና ከላላን፥ ጃማንና ወረ ኢሉንም ጨምሮ ሲታይ፥ በዚህ የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ክፍል ሰው የሚበላው እህል በቦታው ከፍታ የተመደበ ነው። በቆላው ማሽላና በቆሎ፥ በወይና ደጋው ጤፍና ሽምብራ፥ እንዲሁም ጓያ፥ በደጋው ገብስና ባቄላ ይበቅላል፤ ስንዴና ምስርም በየመካከሉ ይገኛሉ። ከፍ ባለው ደጋ ብርዱ ጤፍን ስለማያሳድገው የደጋ ሰው እንጀራው፥ ቂጣው፥ ቆሎው፥ በሶውና ጠላው ሁሉ ከገብስ ነው። ገብስ የማይስማማው ልጅ በደጋ ቤት ቢወለድ ከቤቱ መሶብ አንድም የሚበላው እንጀራ አያገኝም ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ልጅ አለን? አለ። ስንዴና ገብስ፥ አጃን የሚመስሉ አንዳንድ የፈረንጅ እህሎችም፥ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን በውስጣቸው ይዘዋል። የስንዴ ሊጥ ሲታሽ የሚለጠጠው፥ ዳቦውም ሲቦካ ነፋሱን ይዞ የሚነፋው በዚሁ በግሉተን ኃይል ነው። ለአብዛኛው ሰው ይህ ምንም ጕዳት የለውም። ነገር ግን ሴሊያክ የሚባለው በሽታ ያለበት ሰው ግሉተን በበላ ጊዜ የገዛ ሰውነቱ የአንጀቱን ውስጠኛ ግድግዳ ይወጋዋል፤ በዚያ ግድግዳ ላይ ምግብን የሚመጥጡት እንደ ጣት ያሉ ጥቃቅን ነገሮች ይከሰከሳሉ፤ ሰውየውም እየበላ ይራባል። በብዙ የዓለም አገሮች በተደረገው ምርመራ ከመቶ ሰው አንድ የሚያህለው ይህ በሽታ እንዳለበት ተገኝቷል።

የበሽታው ምክንያት ስንዴ መሆኑ የተገለጠው በራብ ጊዜ መሆኑ የሚያስደንቅ ነው። ቪለም ካረል ዲከ የተባለ የሆላንድ የሕፃናት ሐኪም፥ ስንዴ ሲቀርባቸው የሚሻላቸው ሕፃናት መኖራቸውን አስቀድሞ ይጠረጥር ነበር። በ1937 ዓ.ም. ክረምት አገሩ በጦርነት ምክንያት ዳቦ ባጣ ጊዜ፥ ሌላው ሕዝብ ሲከሳ እነዚህ በሽተኞች ሕፃናት ተሻላቸው፤ ዳቦ በተመለሰ ጊዜም ሕመማቸው አብሮ ተመለሰ። ዲከም ነገሩን መርምሮ በ1942 ዓ.ም. በኡትሬኽት ዩኒቨርሲቲ የዶክትርና ጽሑፉን አቀረበ።

ምልክቶቹ የሚከተሉት ናቸው፤ ብዙ ሳምንት የሚቈይ ተቅማጥ፥ የሆድ መነፋት፥ የልጅ ዕድገት መቆም፥ በመድኃኒት የማይመለስ የደም ማነስ። እነዚህ ምልክቶች ግን ከወስፋትም፥ ከውሃ ጉድለትም፥ ከራብም ስለሚመጡ፥ ማንም ሰው በግምት ብቻ ስንዴና ገብስ እንዳይተው ይሁን። የደሙ ምርመራ እውነቱን የሚናገረው ሰውየው ግሉተን እየበላ ሳለ ስለ ሆነ፥ አስቀድሞ የተወ ሰው ምርመራውን ያበላሽበታል። የሚጠረጠር ልጅ መጀመሪያ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ምግቡ ከዚያ በኋላ ይለወጥ። ጤነኛ ሰውም ስንዴ መርዝ ነው የሚለውን የዛሬ ወሬ ሰምቶ የገብስ በሶውን አይጣል።

አሁን ወደ ጤፍ እንመለስ። ጤፍ ግሉተን የለበትም። ማሽላም፥ በቆሎም፥ ዳጉሳም፥ ሩዝም የለባቸውም፤ ሽምብራ፥ ምስር፥ ባቄላ፥ አተርና ተልባም እንዲሁ። ስለ ጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት አንድ የሆላንድ ኩባንያ በአውሮፓ የባለቤትነት መብት አስመዝግቦ እንደ ነበረ፥ ከኢትዮጵያ ጋር በ1997 ዓ.ም. ያደረገው ውልም ለአገራችን ይህ ነው የሚባል ጥቅም ሳያመጣ እንደ ቀረ፥ በመጨረሻም በ2011 ዓ.ም. የሆላንድ ፍርድ ቤት የመብቱን ወረቀት እንደ ሻረው ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ፈረንጆች ለጤፍ ይህን ያህል የተሻሙት ግሉተን የሌለበት በመሆኑ ነበር።

ሆኖም ጤፍ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ጤፍ ብቻ አይደለም። የጤፍ ዋጋ ሲወደድ ገብስና ስንዴ መቀላቀል የታወቀ ነው፤ ይህ ለጤነኛ ሰው ቍጠባ ነው፥ ለሴሊያክ በሽተኛ ግን ሕመም ነው። ስለዚህ እንጀራውም ሆነ ዱቄቱ ከገበያ አይገዛለት፤ እህሉ በፍሬው ተገዝቶ፥ በቤት ተበጥሮና ተነፍቶ ይፈጭ። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ በአውድማ የገባበት ስንዴና ገብስ በወንፊት በቀላሉ ይለያል፤ ሽምብራውን ግን በእጅ መልቀም ያስፈልጋል። እርሾም ከጎረቤት መበደር ልማድ ስለ ሆነ ይህ ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ የጎረቤት እርሾ ገብስ ከተቀላቀለበት ቡሆ የመጣ ከሆነ ግሉተኑን ይዞ ይመጣል። ለበሽተኛው የራሱ እርሾ፥ የራሱ ቡሃቃና የራሱ ወንፊት ይኑረው። ጠላም ብቅሉ ከገብስ ከሆነ አይጠጣ።

ግሉተንን ማራቅ የነገሩ ግማሽ ነው። ሁለተኛው ግማሽ ሰውነትን የሚገነባውን ፕሮቲን ማግኘት ነው፤ ይህም ለበሽተኛው ብቻ ሳይሆን ለቤቱ ሰው ሁሉ የሚያስፈልግ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ከመቶ 46 የሚሆኑት ለዕድሜያቸው ከሚገባው ቁመት ያጠሩ ሆነው ተገኝተዋል። በዚያው ጊዜ የመላው አገር ቍጥር ከመቶ 38 ነበር። ጤፍ የሚያበቅል፥ ባቄላና ሽምብራ የሚያበቅል አገር ልጆቹ እንዲህ ሲያጥሩበት ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። በእርግጥ የምክንያቱ ሁሉ ምግብ አይደለም፤ የውሃ ንጽሕናና ተደጋጋሚ በሽታም አሉበት። የምግቡ ድርሻ ግን በእጃችን ያለ ነው።

ከመቶ ግራም የጤፍ ዱቄት 11 ግራም የሚያህል ፕሮቲን ይገኛል፤ ከመቶ ግራም ሽምብራ ደግሞ 20 ግራም ያህል። ሦስት እጅ ጤፍና አንድ እጅ ሽምብራ ቢቀላቀል፥ ይኸውም 300 ግራም ጤፍና 100 ግራም ሽምብራ፥ ከጤፉ 33 ከሽምብራው 20 ተደምሮ 53 ግራም ይሆናል። ጤፍ ብቻውን 400 ግራም ቢሆን ኖሮ 44 ነበር። ጭማሪው 9 ግራም ብቻ ነው ብሎ የሚንቅ ሊኖር ይችላል። የሚበልጠው ጥቅም ግን በዓይነቱ ነው። ፕሮቲን ከብዙ ጡቦች እንደ ተሠራ ቤት ነው፤ ጤፍና ሌሎችም የአገዳና የብርዕ እህሎች ላይሲን የሚባለው ጡብ ያንሳቸዋል፥ ሽምብራና ባቄላ ግን ሞልቶ ተርፏቸዋል። ጥራጥሬዎቹ በተራቸው ሜታዮኒን የሚባለው ያንሳቸዋል፥ ይህም በጤፍ ውስጥ አለ። አንዱ የሌላውን ጉድለት ስለሚሞላ ሁለቱ በአንድ ገበታ ሲበሉ ሰውነት ከሁለቱም የበለጠ ይጠቀማል። ሽሮ በእንጀራ የሚበላው በከንቱ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል። በ1960ዎቹ ዓመታት በአገራችን የታወቀው ፋፋ የተባለው የሕፃናት ምግብም እህልና ሽምብራ ከወተት ዱቄት ጋር አዋሕዶ የተሠራ ነበር፤ መሠረቱ ስንዴ ስለ ነበረ ግን ለምንናገርለት በሽተኛ የሚሆን አልነበረም።

ሽሮ ካለ ቂጣው ለምን አስፈለገ ብትሉ፥ ሽሮ ከገበታ ላይ በመጀመሪያ የሚደርሰው ለታላላቆች ነው፤ ለሕፃን የሚተርፈው ወጡ የነካው እንጀራ ነው። ጥራጥሬው በቂጣው ውስጥ ከገባ ግን ሕፃኑ የቆረሰው ቍራሽ ሁሉ ድርሻውን ይዞ ይመጣል። ለእረኛና ለተማሪም በአገልግል የሚያዝ ስንቅ ይሆናል።

ከአሠራሩ በፊት ስለ ሽምብራው አንድ ነገር እንናገር። በመካነ ሰላም ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን ወደ 91 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ጥራጥሬ ቀቅሎ ማብሰል በቆላ ካለው ይልቅ ብዙ ሰዓትና ብዙ እንጨት ይፈጃል። ቆልቶ መፍጨት ግን ከፍታው አያግደውም፤ የደንኮሮን ጫካ የመሰለውን የቀረንን ደን ለማዳንም ይረዳል። ሽምብራው ተለቅሞ፥ ለጥቂት ሰዓት ተዘፍዝፎ፥ በፀሐይ ጠፍፎ፥ በመጠነኛ እሳት ይቆላል። ሳያር መውጣት አለበት፤ ያረረ ሽምብራ መራራ ከመሆኑም በላይ ያ የተመሰገነው ላይሲን በእሳት ይጠፋል። ከዚያ ተከክቶ ገለባው በሰፌድ ይበጠርና ይፈጫል።

የቂጣው አሠራር እነሆ። ሦስት ጣሳ የጤፍ ዱቄትና አንድ ጣሳ የሽምብራ ዱቄት በደረቁ ይደባለቅ፤ ጥቂት ጨው ይጨመርበት። የጾም ቀን ካልሆነ ሁለት ዕንቍላል ተመትቶ ይግባ፤ የጾም ቀን ከሆነ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተቆላ የተልባ ዱቄት በግማሽ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ተበጥብጦ እስኪለጋ ድረስ ይቆይና እርሱ ይግባ። ግሉተን የሌለበት ሊጥ የሚያያይዘው ስለማይኖር በምጣድ ላይ ይፈረካከሳል፤ ዕንቍላሉ ወይም የተልባው ልጋግ የሚገባው የግሉተኑን ሥራ እንዲሠራ ነው። ከዚህ በኋላ ከሦስት እስከ አራት ጣሳ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ ይበጥበጥ። እንደ ስንዴ ሊጥ ማሸት ምንም አይጠቅመውም። ከጭልፋ ሲፈስ እንደ ማር ቀስ ብሎ የሚወርድ ከሆነ ልክ ነው። ለግማሽ ሰዓት ተሸፍኖ ይቀመጥ፤ ደቃቁ የጤፍ ዱቄት ውሃውን የሚጠጣው በዚህ ጊዜ ነው፤ ይህን ያልጠበቀ ሰው አሸዋማ ቂጣ ይበላል።

ምጣዱ በሚገባ ይጋል፥ በማሰሻም ይታሰስ። ሊጡ በጭልፋ እየተቀዳ ከመዳፍ ጥቂት በሚሰፋ መጠን ይፍሰስ። እንደ እንጀራ በምጣዱ ሙሉ የተዘረጋ እንደ ሆነ ሲገለበጥ ይቆረሳል። ዐይኖች አውጥቶ ፊቱ ውሃውን ሲመጥጥ ይገልበጥ፤ በሁለተኛው ወገን ለአጭር ጊዜ ይቆይ። በትኩሱ ይበላል። በማግስቱ መድረቁ የማይቀር ነው፤ የጤፍ ቂጣ ያለ እርሾ ሲያድር የሚያሳዝን ነገር መሆኑን የማያውቅ የለም። ለልጆች በእርጎ ወይም በወተት፥ በጾም ደግሞ ከጎመን ጋር ቢበላ መልካም ነው። በጎመንና በቃሪያ ያለው ቪታሚን ሲ በጤፍ ያለውን ብረት ሰውነት እንዲወስደው ያግዛል። የጤፍ ብረት ብዛት በየመጽሐፉ ይመሰገናል፤ ሆኖም ከዚያ ውስጥ አንዱ ክፍል ከአውድማ አፈር የመጣ መሆኑን የመረመሩት ሁሉ ያውቁታል።

እንዲያድር የሚፈለግ ከሆነ ይቦካ። ጤፉ ብቻውን ከንጹሕ እርሾ ጋር ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይቦካና፥ የሽምብራው ዱቄት ሊጋገር በዋዜማው ማታ ይጨመር። ከመጀመሪያው ቀን አብሮ የገባ ሽምብራ ፈጥኖ ይኮመጥጣል፥ ሽታውም ይለወጣል። በጋገራው ቀን ከቡሆው ጥቂት ተወስዶ በውሃ እየተማሰለ ይፍላና አብሲት ሆኖ ይመለስ። የአብሲት ነገር ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በአውሮፓ ግሉተን የሌለበት ዳቦ የሚጋግሩ ሰዎች ነፋሱን የሚይዝላቸው ነገር ፍለጋ ልዩ ልዩ ሙጫ ከፋብሪካ ይገዛሉ። የእኛ እናቶች ከገዛ ቡሆው ጥቂቱን አብስለው በመመለስ ይህንኑ ሥራ ያለ ወጪ ሠርተውታል፤ የበሰለው የጤፍ ስታርች ይወፍርና ነፋሱን ይይዛል፥ የእንጀራው ዐይንም ከዚያ ይወጣል። መቡካቱም ሌላ ጥቅም አለው፤ በእህሉ ውስጥ ብረትን አሥሮ የሚይዘውን ነገር ይቀንሰዋል።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ልታስተውሉት ወደሚገባው ነገር ደረስን፤ ይኸውም ጓያ ነው። ጓያ ፕሮቲኑ ከሽምብራ ይበልጣል፥ ዋጋው ይረክሳል፥ ውሃ ያቆረውንም ድርቁንም ይችላል፤ ዝናብ ባጠረበት ዓመት ሌላው ሲጠፋ እርሱ ይቀራል። ድኻው የሚዘራው ሞኝ ሆኖ አይደለም። ነገር ግን በውስጡ ያለው መርዝ፥ ጓያ ዋና ምግቡ ሆኖ ለጥቂት ወራት የበላውን ሰው እግር ያሰናክላል፤ የተሰናከለውም እግር አይመለስም። የበለጠ የሚጎዱትም ጎረምሶች ናቸው። በ1988 ዓ.ም. ገደማ ከድርቅ በኋላ ከበሽሎ ማዶ በደላንታ ዳውንት የተነሣው ወረርሽኝ ወደ 2000 የሚጠጉ ሰዎችን እንዳሰናከለ ያጠኑት ሐኪሞች ጽፈዋል። አገሩ የእኛው ወሎ ነው፥ መሬቱም የእኛን መሬት ይመስላል።

እነዚሁ ሐኪሞች የተቀቀለ፥ የተቆላና ጥሬ እሸቱ የተበላ ጓያ የበለጠ እንደሚጎዳ፥ ከእህል ጋር የተቀላቀለው ግን ጕዳቱ እንደሚያንስ አግኝተዋል። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትም መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። መርዙ ያነሰ ዋሴ የተባለ ዘር በምርምር የወጣ ቢሆንም፥ የመርዙ መጠን እንደ ዓመቱ ድርቀት ስለሚለዋወጥ ያለ ገደብ ይበላ ለማለት አያስደፍርም። ስለዚህ በዚህ ቂጣ ውስጥ በሽምብራው ፈንታ ጓያ እንዳይገባ አጥብቀን እንናገራለን። ሽምብራ በዱቄት አይገዛ፤ ጓያ የተቀላቀለበት ዱቄት በዐይን አይለይምና። ፍሬው ግን ይለያል፤ ሽምብራ ክብ ሆኖ እንደ ወፍ ምንቃር ያለ ጫፍ አለው፥ ጓያ ግን ማዕዘን አለው፥ የመጥረቢያ ስለትም ይመስላል። ሽምብራ ያጣ ቤት በምስር ወይም በባቄላ ይተካ፤ ለደጋ ሰው ባቄላው በደጁ ነው።

ታዲያ ሽምብራ እንዲበዛ ምን ይደረግ? በጃማና በወረ ኢሉ፥ በቦረናም ወይና ደጋ፥ ዋልካ መሬት ባለበት ሁሉ ሽምብራ የሚዘራው ክረምቱ ሲወጣ በመስከረም ግድም ነው፤ የሚያድገውም ዋልካው አምቆ በያዘው እርጥበት ነው። በሥሩ ላይ በሚገኙት እባጮች ከነፋሱ ናይትሮጅን እየወሰደ ለሚቀጥለው ዓመት ጤፍ መሬቱን ያለሰልሳል። ይህን ገበሬው ሁሉ ያውቃል። ሽምብራ ከመዝራት የሚያስቀረው ሌላ ነው። ጤፉና ስንዴው ታጭዶ ሲያበቃ ከብቱ ሁሉ ወደ ገለባው ይለቀቃል፥ ዘግይቶ የሚደርሰው ሽምብራ ግን ያን ጊዜ ገና አረንጓዴ ሆኖ በማሳው ላይ ነው። ብቻውን የዘራ ሰው ለመንደሩ ከብት እንደ ዘራ ይቆጠራል። በመንገድ ዳር የዘራውን ደግሞ እሸቱን መንገደኛ ይጨርስበታል። ይህን ዘርና ማዳበሪያ ማደል አያቃናውም፤ የሚያቃናው የቀበሌ ስምምነት ነው። የአንድ ጎጥ ሰዎች ሽምብራቸውን በአንድ ኩታ ገጠም ቦታ እንዲዘሩ፥ የመጨረሻው ሽምብራ እስኪታጨድ ድረስም ከብት ወደዚያ ወገን እንዳይለቀቅ ሽማግሎችን ሰብስባችሁ ከመስከረም በፊት ወስኑ። ሰፊ ይዞታ ያላችሁ ሰዎች መሬታችሁን በዚያ ወገን በማስያዝ ብትጀምሩ ሌላው ለመከተል አይቸግረውም።

የወፍጮውም ነገር እንዲሁ ከባድ ወጪ የለበትም። ስንዴ ከተፈጨ በኋላ የሚፈጨው የመጀመሪያው ጤፍ በወፍጮው ውስጥ የቀረውን የስንዴ ዱቄት ጠርጎ ይወጣል። ስለዚህ የወፍጮ ባለቤቶች በሳምንት አንድ ቀን ጧት፥ ወፍጮው ተጠርጎ ከጸዳ በኋላ፥ ጤፍና ጥራጥሬ ብቻ እንዲፈጩ ተነጋገሩ። በሽተኛ ያለበት ቤት ያን ቀን ቢያመልጠው፥ በቅድሚያ የሚወጣውን አንድ ሁለት ኪሎ ዱቄት ለሌላው ቤተ ሰብ ለይቶ ከዚያ በኋላ ያለውን ለበሽተኛው ይያዝ፤ ጆንያውም ስንዴ ያልያዘ ይሁን።